ኖጊዛካ፣ ቶኪዮ፦ የጀነራል ኖጊን ቤትና መቅደስ ሚያስጎበኘው የእግር ቱር፣ ለመሄድ ላሰባችሁ

ቶኪዮ ለምትሄዱና ታሪክ ለምትወዱ ነው ይሄን ምጽፈው። ከፍርዱ ልጀምር፣ ቦታው ከ5 ኮከብ 5 ይገባዋል፣ ቱሩን ግን 3 ነው ምሰጠው። ጋይዱ ጥሩ ሰው ነው፣ ትሁት ነው፣ እንግሊዝኛውም ይገባል፣ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም። ችግሩ የአንድ ጀነራልን የ40 ዓመት ውትድርና እናሳያችኋለን ብለው ገንዘብ ተቀብለው ታማኝነቱን ብቻ አሳይተው መሸኘታቸው ነው። ያ ቤት ሚገባችሁ ሰውዬው የት እንደተሸነፈ፣ ስንት ሰው እንዳስጨረሰ፣ ስንቴ ሥራ ለቆ እንደገና እንደተጠራ ስታውቁ ነው፣ እሱን ደግሞ ቱሩ ላይ አታገኙትም። ስለዚህ ዘርዘር አርጌ እጽፈዋለሁ፣ አንብባችሁ ሂዱ።

ዓመተ ምህረቱንም፣ ወሩንም፣ ቀኑንም በሙሉ በፈረንጆቹ ነው ምጠቅሰው።

ቱሩ ኦንላይን ቡክ ሚደረግ የግማሽ ቀን ነገር ነው፣ ሁሉም በእግር ነው፣ በአንዴ ጥቂት ሰው ነው ሚይዙት፣ ይሄ ደስ ይላል ምክንያቱም መጠየቅ ይቻላል። ዋጋው ቶኪዮ ውስጥ ሁለት ሰው ደህና ምሳ ሚበላበት ያህል ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ እንዲህ ዓይነት ቱር ሚሰሩ ብዙ ናቸው፣ ቦታውን እንጂ እነሱን ማሳጣት አልፈልግም። መታወቅ ያለበት ግን ሚያሳዩዋችሁ ቦታ በሙሉ ያለ ክፍያ ሚገባበት ነው፣ እናንተ ምትከፍሉት ለወሬው ነው፣ ወሬው ጎደለ ማለት ደግሞ የከፈላችሁበት ነገር ጎደለ ማለት ነው።

ሰውዬው ኖጊ ማሬሱኬ ይባላል። በ1904ቱ የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ቻይና ውስጥ የነበረውን የሩሲያ የጦር ወደብ ፖርት አርተርን ከቦ የያዘው የሦስተኛው ጦር አዛዥ። በ1849 ነው የተወለደው፣ ከሳሙራይ ቤተሰብ፣ የጆሹ ወገን፣ ማለትም የድሮውን የሾጉን መንግሥት ገልብጠው ንጉሡን ወደ ሥልጣን ካመጡት ሰዎች ጎራ። አዲሱ ጦር ሲቋቋም በ1871 ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ እያለ ሻለቃ አረጉት።

ችዮዳ ላይን ሚባለውን ሜትሮ ይዛችሁ ኖጊዛካ ጣቢያ ትወርዱና በ1 ቁጥር መውጫ ስትወጡ መቅደሱ እዛው አጠገባችሁ ነው፣ መጥፋት ሚባል ነገር የለም። ጣቢያውም፣ መንገዱም፣ መናፈሻውም በሰውዬው ስም ነው ሚጠራው። ቁልቁለቱ ድሮ የመናፍስት ቁልቁለት ነበር ሚባለው፣ ኖጊ ሲሞት በ1912 ነው ስሙን የቀየሩት።

ጋይዱ ብዙ ሰዓት ሚያጠፋው መቅደሱ ላይ ነው፣ ይሄን አልወደድኩትም። መቅደሱ ያምራል፣ ዛፉ፣ ጸጥታው፣ መሀል ከተማ ያላችሁም አይመስላችሁም። ግን አሁን ያለው ሕንፃ የ1962 ነው፣ በ1923 የተሰራው የመጀመሪያው በግንቦት 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ቶኪዮን ሲያቃጥሉ አብሮ ተቃጥሏል። ሰዎች ምኞታቸውን ጽፈው ሚሰቅሉባቸው ትንንሽ የእንጨት ሰሌዳዎች አሉ፣ ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ኖጊዛካ ፎርቲ ሲክስ ሚባሉት ዘፋኝ ሴቶች ፋኖች የጻፏቸው ናቸው፣ ልጆቹ በሰፈሩ ስም ነው ሚጠሩት፣ ለአካለ መጠን ሲደርሱም እዚሁ መቅደስ መጥተው ነው ሥርዓቱን ሚፈጽሙት። ወጣቶቹ ለዘፋኞቹ ብለው ይመጣሉ፣ ሽማግሌዎቹ ለጀነራሉ ብለው ይመጣሉ፣ ሁለቱም አንድ ደረጃ ላይ ይሰግዳሉ። በጣም ደስ ሚል ነገር ነው።

እዛው ግቢ ውስጥ ግን ሰው ሳያየው ሚያልፋት አንዲት ትንሽ መቅደስ አለች፣ ለዮሺዳ ሾይንና ለታማኪ ቡንኖሺን የተሰራች። ታማኪ የኖጊ አስተማሪ ነበር፣ ሾይን ደግሞ የታማኪ የወንድሙ ልጅና ተማሪው። በ1876 ሐጊ ላይ የድሮ ሳሙራዮች በአዲሱ መንግሥት ላይ ሲያምፁ የታማኪ ተማሪዎች ገቡበት፣ ሽማግሌው ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ ብሎ ራሱን ገደለ። የኖጊ ታናሽ ወንድም ደግሞ ለታማኪ ቤት በማደጎ የተሰጠ ነበር፣ ከአማፂዎቹ ጋር ሆኖ እዛው ሞተ። ኖጊ በዛ ሰዓት የመንግሥት መኮንን ነው፣ የሚወዳቸው ሰዎች በሙሉ በሌላኛው በኩል ናቸው። ይቺ መቅደስ ጋ ጋይዱ ስሞቹን ብቻ ነግሮን አለፈ። እዚህ ጋ ነበር መቆም የነበረበት ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የሰውዬው ሕይወት ሙሉውን አሟሟቱን ጨምሮ ከዚህ ነው ሚጀምረው።

ቀጥሎ በ1877 ሳትሱማ ላይ ትልቁ አመፅ ተነሳ። ኖጊ የ14ኛውን እግረኛ ሬጅመንት እየመራ ከኮኩራ ወደ ኩማሞቶ ሲወርድ የካቲት ላይ ኡዌኪ ሚባል ቦታ በሌሊት ውጊያ ሰንደቅ ያዡ ተገደለና የሬጅመንቱ ሰንደቅ በጠላት እጅ ገባ። ያ ሰንደቅ ከንጉሠ ነገሥቱ የተሰጠ ነው። ኖጊ ቅጡኝ ብሎ ጻፈ፣ አለቆቹ ደግሞ አንተ ጥፋት የለብህም ብለው ተዉት። እሱ ግን ለራሱ አልተወውም። ከዛ በኋላ በሞት ላይ ሚወድቅ ሰው ሆነ፣ ጓደኞቹ ራሱን እንዳያጠፋ ይጠብቁት ነበር። 35 ዓመት ሙሉ ይሄን ነገር ተሸክሞ ኖሮ ኑዛዜው ላይ የመጀመሪያ ምክንያት አርጎ የጻፈው ይሄንኑ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ። ለዚህ ነው መሄድ ያለባችሁ።

ቤቱ ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ምትሉት ይሄ ነው እንዴ የጀነራል ቤት ነው። ጥቁር ጣውላ፣ ጌጥ ሚባል የለው፣ ቁልቁለት ላይ ስለቆመ ከስር ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ ወለል አለው። በ1902 ነው የተሰራው፣ አውሮፓ ሳለ ያየውን የፈረንሳይ ጦር ሕንፃ አስመስሎ ነው ያሰራው፣ እውነትም ካምፕ ነው ሚመስለው። ውስጡ አይገባም፣ በዙሪያው ከፍ ያለ መተላለፊያ ሰርተዋል፣ በሱ ላይ እየዞራችሁ በመስኮት ወደ ውስጥ ታያላችሁ። መስታወቱ ላይ እጃችሁን አስጠግታችሁ ብርሃኑን ካልከለላችሁ ምንም አይታይም፣ ይሄን ያሳየኝ ጋይዱ ነው፣ ሁለት እጁን ዓይኑ ዳር አርጎ እንዲህ አርጊው አለኝና እኔም አደረግኩ፣ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ግድግዳው ባዶ ነው። የጦር ሜዳ ጀግና ተብሎ በመላው ዓለም ጋዜጣ ስሙ የተጻፈ ሰው እዚህ ነው ይኖር የነበረው።

ከዛ ዞር ስትሉ ጋጣው አለ። ጋጣው በቀይ ጡብ ነው የተሰራው፣ በ1889፣ ከቤቱ በ13 ዓመት ይቀድማል፣ ጥርት ያለ፣ የታሰበበት ሥራ ነው። በጊዜው ሰዉ የኖጊ ፈረሶች ከኖጊ የተሻለ ቤት አላቸው ይል ነበር፣ ቆማችሁ ሁለቱን ስታዩ እውነታቸውን ነው። ፎቶ ምታነሱ ከሆነ ቤቱና ጋጣው አንድ ላይ ሚገቡበትን ቦታ ፈልጉ፣ ስለ ሰውዬው ከዛ በላይ ሚናገር ፎቶ የለም።

እንዲህ የሆነው ግን ሁሌም እንዲህ ስለነበረ አይደለም። በወጣትነቱ ጠጪ ነበር፣ ማታ ማታ ከሻይ ቤት፣ ማለትም ከጌሻዎች መዝናኛ ቤት፣ ሚጠፋ ሰው አልነበረም፣ በ1878 ሺዙኮን ሲያገባ ራሱ ሠርጉ ላይ አርፍዶ ነው የመጣው ይባላል። በ1887 ጦሩ ጀርመን ልኮት ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ዩኒፎርም ከላዩ አይወርድም፣ ምግቡ ተራ፣ ሻይ ቤቱ ቀረ። ቤቱን ስታዩት ሚታያችሁ ከጀርመን የመጣው ኖጊ ነው።

መናፈሻው ውስጥ አንድ ሐውልትም አለ፣ ኖጊ ከአንድ ትንሽ ልጅ ጋር። ታሪኩ በ1891 ካናዛዋ ላይ የዕድል ወረቀት እየሸጠ ቤተሰቡን ሚያስተዳድር የ8 ዓመት ልጅ አግኝቶ 2 የን ሰጠው፣ ልጁም ኋላ ትልቅ ባለሙያ ሆነ ሚል ነው። ጋይዱ ይሄን በደንብ አርጎ ተረከልን። ጥሩ ታሪክ ነው፣ ግን እዛ ሐውልት ስር 15 ደቂቃ ቆመን ስለ ፖርት አርተር 5 ደቂቃ ብቻ መስማታችን ነው ያናደደኝ።

ፖርት አርተር ሲባል ደግሞ ሁለት ናቸው፣ ቱሩ ግን አንዱን ብቻ ነው ሚያውቀው። የመጀመሪያው በ1894 ከቻይና ጋር በተደረገው ጦርነት ነው። ኖጊ የብርጌድ አዛዥ ነበር፣ ምሽጉ በኅዳር በአንድ ቀን ወደቀ። ከዛ በኋላ በነበሩት ቀናት የጃፓን ወታደሮች የከተማውን ሲቪል ሰውና የተማረኩትን ጨፈጨፉ፣ እዛ የነበሩ የውጭ ጋዜጠኞች ጽፈውታል፣ ዓለም አውቆታል። ጋይዱን ስለዚህ ስጠይቀው ሰከንድ ዝም አለና ያኔ ጦርነቱ ከባድ ነበር ብሎ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። በእውነት ነው ምላችሁ፣ እኔ ጃፓንን በጣም ነው ምወደው፣ ለዚህም ነው ይሄ ነገር ያሳዘነኝ። ስለ አንድ ወታደር ክብር ለማውራት ገንዘብ ከተቀበልክ ስለ ሞቱት ቻይናውያንም አንድ ቃል ማውጣት አለብህ።

ከዛ ታይዋን። ጃፓን ታይዋንን ከቻይና ወስዳ በ1896 ኖጊን ሦስተኛ አገረ ገዢ አርጋ ሾመችው። እናቱ አብራው ሄዳ ብዙም ሳትቆይ በወባ ሞተች። አስተዳደሩም አልሆነለትም፣ ሙሰኛ ባለሥልጣናት በዝተው፣ አመፁም አልበርድ ብሎ፣ በ1898 መጀመሪያ ለቀቀ፣ በቦታው የገባው ኮዳማ ጌንታሮ ሚባለው ጓደኛው ነው፣ ይሄን ስም ያዙልኝ። ኖጊ ቀጥሎ ዘንትሱጂ ላይ 11ኛ ክፍለ ጦርን ያዘ፣ በ1901 እሱንም ለቀቀ። ናሱ ሚባል ገጠር ቦታ ነበረው፣ ከሥራ በወጣ ቁጥር እዛ ሄዶ ያርሳል። እንግዲህ ጦርነቱ በ1904 ሲጀመር ጃፓን የጠራችው ሰው ይሄ ነው፣ 54 ዓመቱ፣ ሰንደቅ የጠፋበት፣ ታይዋን ያልሆነለት፣ ከሥራ ወጥቶ እርሻ ላይ ያለ። የጠሩትም ፖርት አርተርን አንዴ በአንድ ቀን ሲያዝ ስለነበረ ያውቀዋል ብለው ነው፣ ያ ግምት ምን ያህል ሰው እንዳስጨረሰ ስታስቡት ያማል።

ምክንያቱም የ1904ቱ ፖርት አርተር ሌላ ነው። ሩሲያውያኑ በኮንክሪት ምሽግ ሰርተውታል፣ ሽቦ አጥር ዘርግተዋል፣ መትረየስ ደግነዋል። ኖጊ ነሐሴ 19 ቀን ፊት ለፊት ጥቃት አዘዘ፣ በ6 ቀን ውስጥ ወደ 16,000 ሚጠጋ ሰው ሞተበትና ቆሰለበት፣ ያገኘው ነገር ከጥቂት ቦታ በቀር የለም። ከጃፓን የባሕር ዳር መከላከያ ላይ 28 ሳንቲሜትር መድፎች ተነቅለው መጡ፣ አንዱ ጥይት ከ200 ኪሎ በላይ ነው። ጥቅምት ላይ እንደገና፣ አሁንም አልሆነም። ኅዳር 26 ሌሊት ከ3,000 በላይ ሰው በጨለማ እንዲለያይ ደረቱ ላይ ነጭ ጨርቅ አስሮ ወጣ፣ ሩሲያውያኑ ባውዛ ሲያበሩበት ያ ነጭ ጨርቅ መነጣጠሪያ ሆነ። ይሄን ሳነብ ማንበብ ነበር ያቃተኝ። አገር ቤት ሰዉ በኖጊ ላይ ተነሳ፣ እዚሁ እኛ የቆምንበት ቤት ላይ ድንጋይ ይወረወር ነበር ይባላል፣ አዛዡ ይቀየር ሲባል እምቢ ያለው ንጉሠ ነገሥት ሜጂ ራሱ ነው።

የመጀመሪያ ልጁ ካትሱሱኬ ግንቦት ላይ ናንሻን ላይ ሞቶ ነበር፣ አባቱ ገና ከጃፓን ሳይወጣ። ኖጊ ሦስት ሬሳ ሳጥን እስኪሞላ ቀብር እንዳታረጉ ብሎ ለቤቱ ላከ ይባላል፣ ሦስተኛው የራሱ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ልጅ ያሱሱኬ ኅዳር 30 እዛው ፖርት አርተር ወደቡን ቁልቁል በሚያሳየው 203 ሜትር ሚባል ኮረብታ ላይ ተመታና ሞተ። ሌላ ልጅ የላቸውም። ኮዳማ በማግስቱ ደረሰና መድፎቹን ኮረብታው ላይ አሰባስቦ አስተኮሰ፣ ታኅሣሥ 5 ኮረብታው ተያዘ፣ ከአናቱ ላይ ሆነው ወደቡ ውስጥ ያሉትን የሩሲያ መርከቦች እያዩ አስመቱ፣ ጥር 2 ቀን 1905 ምሽጉ እጁን ሰጠ። ከበባው ሲያልቅ የጃፓን ሙትና ቁስለኛ ወደ 60,000 ይጠጋ ነበር።

ኮዳማ ባይመጣ ኖጊ ያሸንፍ ነበር ወይ ሚለው ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከራሉ። አንዳንዱ ችሎታ የሌለው ጀነራል ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ያኔ እንዲህ ያለ ምሽግ እንዴት እንደሚያዝ ሚያውቅ ሰው ዓለም ላይ አልነበረም፣ ከ10 ዓመት በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓ ጀነራሎችም ከሱ የባሰ ነው የሰሩት ይላል። እኔ ሁለተኛው ይበልጥ ይዋጥልኛል፣ ግን ነሐሴ ላይ ያየውን በኅዳር እንደገና መድገሙን ይቅር ማለት ይከብደኛል። ቱሩ ላይ ክርክሩ መኖሩን ራሱ አልሰማንም።

ከዛ ሁሉ ደም በኋላ ጥር 5 ቀን ከተሸነፈው ጀነራል ስቴሰል ጋር ተገናኙ። ኖጊ ሩሲያውያኑ መኮንኖች ጎራዴያቸውን እንደያዙ እንዲመጡ ፈቀደ፣ ፎቶ ሲነሱም አሸናፊና ተሸናፊ ሳይለይ እንደ ጓደኛ አብረው ተቀምጠው ነው የተነሱት። ስቴሰል ነጭ የአረብ ፈረስ ሰጠው። ይሄን ጋጣው ጋ ጋይዱ ነግሮናል፣ ጥሩም አርጎ ነው የነገረን። ጦሩ ከዛ ወደ ሙክደን ሄዶ በምዕራብ በኩል ዞሮ ለመክበብ ተዋግቷል፣ እሱ ላይ አልቆይም።

በጥር 1906 ቶኪዮ ሲመለስ ንጉሡ ፊት ሪፖርት ሲያነብ የሞቱት ሰዎች ጋ ሲደርስ አለቀሰና ልሙት ፍቀድልኝ አለ። ሜጂ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም ብሎ መለሰው ይባላል። በሄደበት ሁሉ የሞቱ ወታደሮችን ቤተሰብ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፣ ለቁስለኞች ሆስፒታል ገንዘብ ይሰጥ ነበር። በ1907 የመሳፍንቱ ልጆች ሚማሩበት ጋኩሹይን ዳይሬክተር አረጉት፣ እሱም ቤቱን ትቶ ከተማሪዎቹ ጋር አዳሪ ቤት ገባ። በ1908 ትንሹ ሂሮሂቶ፣ የሜጂ የልጅ ልጅ፣ ገብቶ በሱ ስር ተማረ። ቁጠባንና ቀላል ኑሮን ከኖጊ እንደተማረ ሂሮሂቶ አርጅቶም ይናገር ነበር።

ይሄ ጋ ነው እኛን ሚነካን ነገር ያለው፣ ጋይዱም ስነግረው በጣም ገረመው። በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ቶኪዮ ሲሄዱ የተቀበላቸው ንጉሥ ይሄው የኖጊ ተማሪ ነው። በ1956 ጃንሆይ ጃፓንን ሲጎበኙም ያስተናገዳቸው እሱው ነው። እኛ አገር ያኔ የተማሩ ሰዎች ጃፓንን እንደ ምሳሌ ያዩ የነበረው ሩሲያን ካሸነፈችበት ከዚህ ጦርነት የተነሳ ነው፣ የ1931ዱ ሕገ መንግሥታችንም የሜጂን ሕገ መንግሥት አይቶ ነው የተረቀቀው። አያቶቻችን ያደነቁት ድል ዋጋው ምን እንደነበር ለማየት ኖጊዛካ መሄድ ነው።

መጨረሻው ቤቱ ውስጥ ነው የሆነው። ሜጂ ሐምሌ 30 ቀን 1912 ሞተ፣ ቀብሩ መስከረም 13 ነበር። አስከሬኑ በምሽት ከቤተ መንግሥቱ ሲወጣ መድፍ ተተኮሰ፣ በዛ ሰዓት ኖጊና ሺዙኮ ክፍላቸው ውስጥ ሕይወታቸውን አጠፉ። እሱ 62፣ እሷ 52። በዛው ቀን ጠዋት የተነሱት ፎቶ አለ፣ እሱ ጋዜጣ እያነበበ፣ እሷ ቆማ።

ጋይዱ ሙሉ 5 ኮከብ ሚገባው እዚህ ጋ ነው። የክፍሉ መስኮት ጋ አቁሞን ስለ ኑዛዜው ነገረን። ኖጊ ኑዛዜውን የጻፈው በዋዜማው ማታ ነው፣ 10 አንቀጽ አለው፣ ከሚጻፍላቸው ሰዎች ውስጥ አንዷ ሺዙኮ ናት። ከሱ በኋላ የት እንደምትኖር ሁሉ አስቦ ጽፏል። ስለዚህ ቢያንስ ብዕሩን ሲያስቀምጥ እሷ ትተርፋለች ብሎ ነበር። በማግስቱ ምን እንደተነጋገሩ ማንም አልሰማም። ጋይዱ ይሄን ብሎ ዝም አለ፣ ማንም ፎቶ አላነሳም። ሰው ስለ ጀነራሉ ታማኝነት ሲያወራ ስለሷ ሚያስብ ጥቂት ነው፣ ሁለት ልጆቿን በአንድ ዓመት ያጣች ሴት ናት፣ ለኔ የዛ ቤት ከባዱ ታሪክ የሷ ነው። ኑዛዜው ደግሞ የማደጎ ወራሽ እንዳይደረግና የኖጊ ቤት እንዲቋረጥ፣ ቤቱም ለከተማው እንዲሰጥ ያዛል፣ ዛሬ ማንም ገብቶ ሚያየውም ለዛ ነው።

ያኔ ራሱ ጃፓኖቹ ሁለት ቦታ ተከፍለው ነበር። ብዙው ሕዝብ አለቀሰ፣ ቀብሩ ላይ መንገዱ በሰው ተሞላ፣ አንዳንድ ወጣት ጸሐፊዎችና ጋዜጠኞች ግን ይሄ ያለፈበት ነገር ነው ብለው በግልጽ ተቹት። ከዛ መንግሥት በየትምህርት ቤቱ አርአያ አርጎ አስተማረው፣ በየቦታው መቅደስ ተሰራለት፣ ልጆች እንደሱ ሙቱ ተብለው አደጉ፣ ያ ነገር በ1945 የት እንዳደረሰ ይታወቃል። መቅደሱ የተቃጠለበትን ዓመት ጋይዱ ሲጠራ ይሄን ማያያዝ ይችል ነበር።

ቱሩ ሚያልቀው አዎያማ መቃብር ነው፣ በእግር ቅርብ ነው። ኖጊ፣ ሺዙኮ፣ ሁለቱ ልጆች እዛ ናቸው። መቃብሩ ሰፊ ስለሆነ ብቻችሁን ከሄዳችሁ ካርታ ያዙ፣ ለዚህ ለዚህ ጋይድ መኖሩ ይጠቅማል።

አሁን ሚጠቅማችሁን ልበል። የቤቱ ግቢ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነው ክፍት፣ ከሰዓት በኋላ ዘግይታችሁ አትሂዱ። ከቻላችሁ በፈረንጆቹ መስከረም 12 እና 13 ላይ ሂዱ፣ በየዓመቱ በነዛ ቀናት ውስጡን ይከፍቱታል፣ በመስኮት ከማየት ጋር አይገናኝም። በወሩ አራተኛው እሁድ ደግሞ መቅደሱ ግቢ ውስጥ የድሮ ዕቃ ገበያ አለ፣ አሮጌ ኪሞኖ፣ ሳህን፣ ፎቶ፣ ሳንቲም ምናምን ይሸጣል፣ ገበያውን ለማየት ጥሩ ነው ቤቱን በጸጥታ ለማየት ግን ሌላ ቀን ይሻላል። ጊዜ ካላችሁ ሐራጁኩ ጋ የአድሚራል ቶጎ መቅደስ አለ፣ የዛው ጦርነት የባሕር ጀግና ነው፣ በ1911 ከኖጊ ጋር አብረው ለንደን የንጉሥ ጆርጅን ዘውድ መጫን ሄደው ነበር፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል።

ቱሩን መውሰድ አለባችሁ ወይ ከተባለ፣ እንግሊዝኛ ምትሰሙና ለመጠየቅ ማታፍሩ ከሆነ አዎ፣ ምክንያቱም ጋይዱ ሲጠየቅ ያውቃል፣ ሳይጠየቅ ነው ማይናገረው። ስለ 1894 ጠይቁት፣ ስለ ነሐሴው ጥቃት ጠይቁት፣ ስለ ኮዳማ ጠይቁት፣ ትንሿ መቅደስ ጋ ሲደርስ አስቁሙት። መጠየቅ ማትወዱ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ያዙና ብቻችሁን ሂዱ፣ መጀመሪያ ቤቱን እዩ፣ መቅደሱን ለመጨረሻ አድርጉት።